ናትስ (የዋሽንግተን ናሽናልስ ቤዝቦል ክለብ) ከ2019 ዋንጫ እስከ 66 ድል፦ ጥፋቱ የሶቶ ትሬድ ነው ወይስ ድራፍቱ?

ግራ_ሜዳ (ከ2025 ሲዝን በኋላ ባለው ክረምት ክሩን የከፈተ)

የ2025ን ሲዝን 66 አሸንፈን 96 ተሸንፈን ጨረስን። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሪዞና ማናጀሩ (አሠልጣኙ) ማርቲኔዝ ጁላይ 6 በአንድ ቀን ተባረዋል። አሁን ፖል ቶቦኒ ከቦስተን መጥቶ የቤዝቦል ሥራውን በኃላፊነት ይዟል፤ ብሌክ ቡቴራ ደግሞ በ33 ዓመቱ ማናጀር ሆኗል። አዲስ ሰው ሲመጣ የድሮው ሒሳብ መወራረድ ነበረበት፤ እዚህ ግን ወሬው ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ተቸንክሮ ይቀራል፦ «ሶቶን ባይሸጡት ኖሮ!»

እኔ አልስማማም። ከ2019 ወዲህ ይሄ ክለብ ከወሰናቸው ትልልቅ ውሳኔዎች ሁሉ የሚሻለው የሶቶ ትሬድ (ኮከቡን መቺ በሌሎች ተጫዋቾች የለወጠበት) ነው። ቡድኑን የገደለው ራሱ መርጦ፣ ራሱ አሳድጎ ሜዳ ማስገባት የነበረበት ልጅ መጥፋቱ ነው።

ትሬዱን እንየው። ኦገስት 2 ቀን 2022 ሶቶና ጆሽ ቤል ወደ ሳንዲያጎ ሄዱ። በምትካቸው ሲጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ጄምስ ዉድ፣ ሮበርት ሃሴል፣ ሃርሊን ሱሳናና ሉክ ቮይት መጡ። ኤብራምስ በ2024 ኦል ስታር (ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ የተመረጠ) ሆነ፤ ዉድና ጎር በ2025። በአንድ ትሬድ ሦስት ኦል ስታር ያገኘ ክለብ እስቲ ጥሩልኝ። ሶቶ ደግሞ ያኔ በክለቡ እጅ የሚቆየው ለሁለት ሲዝንና ለሁለት ወር ብቻ ነበር።

አሁን የመጀመሪያ ዙር ድራፍቱን (ክለቦች በየዓመቱ ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበትን) ተመልከቱ። የ2016ቱ ካርተር ኪቡም ሬንዶን ወደ ኤንጅልስ ሲሄድ ሦስተኛ ቤዝን ተረከበ፤ መምታት አልቻለም። የ2017ቱ ሴት ሮሜሮ በትልቁ ሊግ ጥቂት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ወርውሮ ቀረ፤ የ2018ቱ ሜሰን ዴናበርግ ጭራሽ አልደረሰም። የ2019ኙ ጃክሰን ረትሌጅ ስታርተር (ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር፣ ማለትም ወርዋሪ) ይሆናል ተብሎ ተመርጦ መጨረሻው ቡልፐን (ተቀያሪ ፒቸሮች ዘንድ) ሆነ። የ2020ው ኬድ ካቫሊ በ2022 አንድ ጨዋታ ጀመረ፣ ማርች 2023 ክንዱ ላይ ቶሚ ጆን (የክርን ጅማት ቅየራ) ተሠራለት፣ ወደ ትልቁ ሊግ የተመለሰው ኦገስት 2025 ነው። የ2022ቱ ኢላይጃ ግሪን ደግሞ 5ኛ ሆኖ ተመርጦ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ቦነስ ከወሰደ በኋላ ሲንግል ኤ (ከታች ያለ የማሳደጊያ ሊግ) ላይ ሳይመታ በስትራይክ አውት ሲወጣ ከረመ።

ይሄ ለምን ይገድላል? ምክንያቱም ተጫዋች ፍሪ ኤጀንት (ወደፈለገው ክለብ መሄድ የሚችል) የሚሆነው ስድስት ሙሉ ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው፤ አንድ ዓመት የሚባለው 172 ቀን በቡድኑ ዝርዝር ላይ መቆየት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት የሚከፈለው ለዝቅተኛው ደመወዝ የቀረበ ነው፤ በ2025 ዝቅተኛው 760,000 ዶላር ነበር። ራስህ ያሳደግከው ልጅ አንድ ቦታ ሲሞላልህ ከገበያ ብትገዛው 15 ወይም 20 ሚሊዮን የምትከፍልበትን ሥራ በርካሽ ይሠራልሃል፤ በተረፈው ገንዘብ ፒቸር ትገዛለህ። ልጁ ከሌለ ግን በየክረምቱ የአንድ ዓመት ውል የሚፈርም አንጋፋ ትለቅማለህ፣ ጁላይ ሲደርስ ትሸጠዋለህ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያው ቀዳዳ እዚያው ይጠብቅሃል።

የ2019ኙ ዋንጫ እኮ በገንዘብ ብቻ አልመጣም። ዚመርማን የ2005 ድራፍት ነው፣ ስትራስበርግ የ2009፣ ሬንዶን የ2011፤ ሶቶ በ2015 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ፒቸሮቹ ሸርዘርና ኮርቢን የተገዙት ሦስቱ የድራፍት ልጆች ከነበሩ በኋላ ነው።

ቡልፐን_ክፍት_ነው

ድራፍቱ ላይ እስማማለሁ። ግን 2019ን ስናነሳ አንድ ነገር ሁሌ ይዘለላል፤ ያ ቡድን ቡልፐኑን ደብቆ ነው ያሸነፈው።

የዚያ ዓመት ሪሊቨሮቻችን (የቡልፐን ፒቸሮች) ኢአርኤ ከ5.60 በላይ ነበር። ለአዲሶች፦ ኢአርኤ ማለት ፒቸሩ በ9 ኢኒንግ በአማካይ የሚሰጠው ሩጫ ነው፤ በሜዳ ተጫዋች ስህተት የገባው አይቆጠርበትም። በዚህ ቁጥር ፕሌይ ኦፍ (ጥሎ ማለፉ) መግባት ራሱ ጉድ ነበር። ሜይ 23 ላይ 19 አሸንፈን 31 የተሸነፍነውም በዋናነት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እስከ ሰባተኛ ኢኒንግ መርተን በስምንተኛው እንፈርሳለን።

ኦክቶበር ሲመጣ ማርቲኔዝ ምን አደረገ? ስታርተሮቹን በእረፍት ቀናቸው ከቡልፐን እያስወጣ ተጠቀመባቸው። ከሚልዋኪ ጋር ሸርዘር 5 ኢኒንግ ወርውሮ ሲወጣ ስትራስበርግ ገብቶ 3 ኢኒንግ ዘጋ። ከዶጀርስ ጋር ሸርዘር በሁለተኛው ጨዋታ ከቡልፐን መጥቶ ሦስቱንም መቺ አወጣ። ኮርቢንም በዚሁ ተከታታይ በሦስተኛው ጨዋታ ተሞክሮ ስድስት ሩጫ ሰጥቷል፤ ዘዴው ሁልጊዜ አይሠራም። ግን በዎርልድ ሲሪስ (በፍጻሜው) ሰባተኛ ጨዋታ ያው ኮርቢን ሸርዘርን ተክቶ 3 ኢኒንግ ያለ ምንም ሩጫ ወረወረ፣ ሃድሰን ዘጠነኛውን ዘጋው፣ አለቀ። የሚታመኑት ሪሊቨሮች ዱሊትልና ሃድሰን ብቻ ነበሩ ብል ማጋነን አይደለም።

በ162 ጨዋታ ይሄን ማድረግ አይቻልም። ፕሌይ ኦፍ ላይ የጉዞ ቀን ስላለ ይቻላል። በ2025 የሪሊቨሮቻችን ኢአርኤ ከ30ው ክለብ የመጨረሻው ነበር፤ እነ ሸርዘር ደግሞ የሉም። ጨዋታ የሚዘጋውን ፊኔጋንን ጁላይ ላይ ለዲትሮይት ሲሸጡት ያለቀለት ነገር ሆነ።

ኩዊንስ_ብርቱካናማ

ሶቶ ለእኛ ለሜትስ፦ 765 ሚሊዮን፣ 15 ዓመት። እናመሰግናለን ጎረቤቶች 😂

ግራ_ሜዳ

ከሳንዲያጎ ወደ ያንኪስ፣ ከያንኪስ ወደ እናንተ ነው የሄደው። ምስጋናህን በየቤቱ አድርስ።

አራተኛ_ረድፍ

ግራ_ሜዳ፣ ትሬዱ ጥሩ ነበር ማለትህ ልክ ነው። ግን ትሬዱን ግድ ያደረገው ማነው? ባለቤቶቹን እንዲህ በቀላሉ አትለፋቸው።

በ2022 ለሶቶ የቀረበው 440 ሚሊዮን ለ15 ዓመት ነው። ድምሩ ሲታይ ያስደነግጣል፤ ለዓመት ሲካፈል ግን 29.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ያኔ በ23 ዓመቱ ከነበሩት የዘመኑ ምርጥ አራት አምስት መቺዎች አንዱ ለሆነ ሰው በዓመት ይሄ ዝቅተኛ ነው፤ ሸርዘር በዚያው ዓመት ከሜትስ በዓመት 43 ሚሊዮን ይወስድ ነበር። ሶቶ እምቢ ማለቱ አይገርምም። ከዚያ በፊት በኤፕሪል 2022 የለርነር ቤተሰብ ክለቡን ለመሸጥ እያየን ነው ብሎ ነበር። የሚሸጥ ቤት ውስጥ የ15 ዓመት ውል ማን ይፈርማል? በፌብሩዋሪ 2024 «አንሸጥም» ሲሉ ሶቶም ሄዷል፣ ሁለት ዓመትም ባክኗል።

ሁለተኛው ነገር የዘገየ ክፍያ ነው። ሸርዘር በ2015 የፈረመው 210 ሚሊዮን ለ7 ዓመት ነበር፤ ግማሹ እንዲዘገይ ተደርጎ እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ይከፈለዋል። የስትራስበርግ 245 ሚሊዮንም 80 ሚሊዮኑ የዘገየ ነው። ዋንጫውን በብድር እንደ መግዛት ነው፤ ዕዳው ሲመጣ ሜዳ ላይ ሰውየው የለም።

የቴሌቪዥኑንም አትርሱ። በ2005 ከሞንትሪያል ስንመጣ የኦሪዮልስን ክልል ገባችሁ ተብሎ የማስኒ ጣቢያ አብላጫ ድርሻ ለባልቲሞር ተሰጠ። የ2012–2016 የስርጭት ክፍያ ስንት ይሁን በሚለው ብቻ ዓመታት በፍርድ ቤት ተጓተቱ። የተቋጨው ማርች 2025 ነው፤ ናትስም ከ2025 ሲዝን በኋላ ስርጭቱን ወደፈለገበት ለመውሰድ ነጻ ወጣ። ከ10 ዓመት በላይ ገቢው ስንት እንደሆነ ያላወቀ ክለብ እንዴት አድርጎ የረጅም ጊዜ በጀት ይሠራል?

ግራ_ሜዳ

ማስኒ ላይ ልክ ነህ። ግን ገንዘብ ዴናበርግን አያድነውም ነበር። ለግሪን 6.5 ሚሊዮን ከፍለዋል እኮ፤ እጥረቱ የገንዘብ አይደለም። የሜዳ ተጫዋቹን ሮብለስን እይ፦ በእኛ ቤት ከ2019 በኋላ ጠፋ፣ ጁን 2024 አባረሩት፣ ሲያትል ወሰደውና በቀረው ሲዝን .328 (ከ1,000 ሙከራ 328ቱን) መታ። ያው ሰው ነው። የተለየው የሚያሠለጥነው ሰው ነው።

እትዬ_ሰባተኛ_ኢኒንግ

ልጆች፣ ሮብለስ በሚቀጥለው ዓመት ሲያትል ላይ ትከሻውን ተጎድቶ ብዙ አልተጫወተም። የ77 ጨዋታ ቁጥር ይዛችሁ አትፍረዱ። ደግሞ ዴይለን ላይልን የት ጣላችሁት? የ2021 ሁለተኛ ዙር የራሳችን ድራፍት ነው። እሱም ክንዱን ቶሚ ጆን ተሠርቶ ነው የመጣው። በ2025 በ91 ጨዋታ .299 መታ፣ 11 ትሪፕል (ሦስተኛ ቤዝ ያደረሰ ምት)፤ ሴፕቴምበር ላይ ሜትስ ሜዳ በ11ኛው ኢኒንግ የመታውን በሩጫ የተጠናቀቀ ሆም ራንም ያያችሁት ይመስለኛል። ብራድ ሎርድም በ18ኛ ዙር የተገኘ ነው። ሁሉም ጠፋ አይባልም።

ግራ_ሜዳ

እትዬ፣ ላይልን መጣል አይቻልም፤ ከ2025 የተረፈን ደስታ እሱ ነው። ግን በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ላይል ነው የምንቆጥረው።

አዲስ_ተመልካች

ይቅርታ፣ እኔ የእግር ኳስ ሰው ነኝ። 55–107፣ ከዚያ 71–91 ሁለቴ፣ ከዚያ 66–96። በእንግሊዝ ቢሆን ስንት ሊግ ወርደው ነበር። እዚህ የመጨረሻ የወጣ አንደኛ ምርጫ ይሰጠዋል ሲባል እሰማለሁ፤ ታዲያ ሆን ብሎ መሸነፍ አያዋጣም? እኛስ በየዓመቱ አንደኛ ለምን አንመርጥም?

ሎተሪ_ቆጣሪ

ድሮ ያዋጣ ነበር። አስትሮስ በዚያ መንገድ ነው የተነሱት፤ እኛም ስትራስበርግን (2009) እና ሃርፐርን (2010) ያገኘነው በተከታታይ የመጨረሻ ወጥተን ነው። ያ በር ከ2023 ድራፍት ጀምሮ ተዘግቷል።

አሁን ፕሌይ ኦፍ ያልገቡት 18 ክለቦች ሎተሪ ውስጥ ይገባሉ፤ በዕጣ የሚወጡት የመጀመሪያዎቹ 6 ምርጫዎች ናቸው። መጨረሻ የወጡት ሦስት ክለቦች እኩል 16.5 በመቶ ዕድል አላቸው፤ ስለዚህ 120 ጊዜ መሸነፍ 105 ጊዜ ከመሸነፍ የተሻለ ዕድል አይገዛም። እኛ ለ2025 አንደኛ ምርጫ ዕድላችን 10.2 በመቶ ብቻ ነበር፤ ወጣልን።

ሁለተኛው ማሰሪያ ይሄ ነው፦ ከሌሎች ክለቦች የገቢ ድጎማ የሚቀበል ክለብ ሦስት ዓመት በተከታታይ የሎተሪ ምርጫ ማግኘት አይችልም፤ ድጎማውን የሚከፍል ክለብ ደግሞ ሁለት ዓመት እንኳ አይችልም። ዋሽንግተን ከከፋዮቹ ነው። የታገደ ክለብ ከ10ኛ ቀድሞ መምረጥ አይችልም። ለዚህ ነው በ2023 2ኛ ሆነን ዲላን ክሩስን መርጠን በ2024 10ኛ ላይ ሲቨር ኪንግን የወሰድነው። አሁንም በ2025 አንደኛ ስለወሰድን፣ ከሮኪስና ከዋይት ሶክስ ቀጥሎ ሦስተኛውን መጥፎ ውጤት ይዘን ለ2026 ሎተሪ የለንም። 96 ሽንፈቱ ድራፍት ላይ ምንም አልገዛልንም ማለት ነው።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። እያንዳንዱ ምርጫ የተመደበለት ዋጋ አለው፤ የ10ሩ ዙር ድምር የክለቡ ጣሪያ ነው። ከጣሪያው እስከ 5 በመቶ ካለፍክ በትርፉ ላይ 75 በመቶ ቅጣት ትከፍላለህ፤ ከ5 በመቶ ካለፍክ የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫህን ትነጠቃለህ። ማንም እዚያ አይደርስም። የ2025 አንደኛ ምርጫ ዋጋ ወደ 11.1 ሚሊዮን ነበር። ኢላይ ዊሊትስ ከኦክላሆማ፣ የ17 ዓመት ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆም)፣ በ8.2 ሚሊዮን ፈረመ። የተረፈው 2.9 ሚሊዮን ገደማ ወደ ኋላ ዙሮች ተገፋ፤ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ ብለው ዋጋ ያስወደዱ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች በዚያ ተፈረሙ። ሪዞ ከተባረረ በሳምንቱ ይሄን ድራፍት የመራው በጊዜያዊነት የተሾመው ማይክ ዴባርቶሎ ነው። በእኔ እምነት ካለፉት ዓመታት ሁሉ በሥርዓት የተሠራው እሱ ነው።

አዲስ_ተመልካች

ገባኝ። ስለዚህ መሸነፍም በሥርዓት ነው። ስትራስበርግስ? 245 ሚሊዮን ወስዶ የጠፋ ሲሉ እሰማለሁ፤ ሰነፈ ማለት ነው?

የጎድን_አጥንት

ሰነፈ የሚሉትን አትስማ። ሰውየው በ2019 በመደበኛው ሲዝን 209 ኢኒንግ፣ በፕሌይ ኦፍ 36 ከአንድ ሦስተኛ ወረወረ፤ 5–0፣ ኢአርኤ 1.98፣ የዎርልድ ሲሪስ ኤምቪፒ (ምርጥ ተጫዋች)። ከፈረመ በኋላ ግን በሦስት ዓመት 8 ጨዋታ፣ 31 ከአንድ ሦስተኛ ኢኒንግ ብቻ። የመጨረሻው ጁን 9 ቀን 2022 ማያሚ ላይ ነው፤ ጡረታው ኤፕሪል 2024 ላይ ተጠናቀቀ።

በሽታው ቶራሲክ አውትሌት ሲንድረም ይባላል። ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮችና የደም ሥሮች በአንገት አጥንትና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ያልፋሉ። ያቺ ቦታ ስትጠብ ይታመቃሉ፤ እጅ ይደነዝዛል፣ ጣት ኳስ መጭመቅ ያቅተዋል። ጁላይ 2021 ቀዶ ሕክምና ተደርጎ የጎድን አጥንትና የአንገት ጡንቻ ተወገደለት። የክርን ጅማት ሲቀየር መንገዱ የታወቀ ነው፤ ከ12 እስከ 18 ወር ቆይቶ ብዙው ፒቸር ፍጥነቱን ይዞ ይመለሳል። ይሄኛው ግን ነርቭ ነው፤ የተመለሱትም ቢሆኑ ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው አልሆኑም።

ውሉ ላይ የሚወቀስ ካለ ኢንሹራንስ የሌለው መሆኑ ነው። ለዚያ ክንድ ታሪክ ኢንሹራንስ ውድ ነበር፤ ግን 245 ሚሊዮን ያለ ዋስትና መፈረም ድፍረት ነው።

አራተኛ_ረድፍ

ኮርቢንስ? 140 ሚሊዮን፣ 6 ዓመት፣ በ2022 6–19። ሦስት ዓመት በተከታታይ በሽንፈት ሊጉን መራ።

ቡልፐን_ክፍት_ነው

2019 ላይ 202 ኢኒንግ፣ ከዚያ የሰባተኛው ጨዋታ ሦስት ኢኒንግ። 140ው ለዚያ ተከፍሏል፤ የቀረው ምርቃት ነው። ደግሞ ሲሸነፍም በየአምስት ቀኑ ሳይጎድል ይወጣ ነበር። ማይነር ሊግ ባዶ ሲሆን 170 ኢኒንግ የሚበላ ሰው ዋጋ አለው።

ከፍ_ያለ_ፋስትቦል

ወደፊት እንይ እንጂ። የ2026 ዕጣ በዉድና በክሩስ እጅ ነው። ሁለቱም ፍሪ ኤጀንት የሚሆኑት ከ2030 በኋላ ነው፤ ጊዜ አለ።

ዉድ በ2025 31 ሆም ራን፣ 94 አርቢአይ (በምቱ ያስገባው ሩጫ)። ጁን 29 ላይ ኤንጅልስ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው ወክ (ሳይመታ ወደ አንደኛ ቤዝ መሄጃ) ሰጡት፤ ከ2004ቱ ቦንድስ ወዲህ ማንም እንዲህ አልተፈራም። ግን ሲከፈል አስቡት፦ ከ31ዱ 24ቱ ከኦል ስታር በፊት፣ 7ቱ ብቻ ከዚያ በኋላ። ስትራይክ አውቱ 221፤ የሊጉ የምንጊዜም ክብረ ወሰን 223 ነው፣ የማርክ ሬይኖልድስ።

ምን ተበላሸ? ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ነው፤ ክንዱ ረጅም ስለሆነ ባቱ የሚዞረው በሰፊ መንገድ ነው። ፒቸሮች መጀመሪያ ከላይ ፋስትቦል ይሰጡታል፤ ሊደርስበት ሲቸኩል ከታች የሚወድቅ ኳስ ይከተላል። ለዚያ ሲጠነቀቅ ደግሞ ፋስትቦሉ ላይ ይዘገያል፣ ኳሱም መሬት መሬት ይሄዳል። መድኃኒቱ ሁለት ስትራይክ ላይ ባቱን ማሳጠርና ከላይኛው ኳስ የትኛውን እንደሚተው መወሰን ነው። ሁሉንም ለመሸፈን ከሞከረ አያገኘውም።

ክሩስ ሌላ ነው። .208 መታ፣ 10 ሆም ራን፣ 17 ስርቆት። ኳሱን አጥብቆ ይመታዋል፤ ወደ መሬት ነው እንጂ። ሾርትስቶፕ እግር ሥር የሚገባ 105 ማይል ኳስ ያው አውት ነው። ቡቴራ ከታምፓ ቤይ የልጆች ማሳደጊያ ክፍል ኃላፊነት የመጣው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው፤ ቀድሞ መታየት ያለበት እሱ ላይ የሚሠሩት ነው።

ካቸር_ጉልበት

ስትራይክ ዞንን (ስትራይክ የሚባልበትን ክልል) ካነሳችሁ፣ ከ2026 ጀምሮ በዳኛው የስትራይክ ውሳኔ ላይ ስለሚገባው የኳስ መከታተያ ይግባኝ ማንም አላወራም። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ይግባኝ ይዞ ይጀምራል። መጠየቅ የሚችሉት መቺው፣ ፒቸሩና ካቸሩ (ኳሱን የሚቀበለው) ብቻ ናቸው፤ ከዳግአውት (ከተጠባባቂዎች መቀመጫ) ምልክት አይፈቀድም። ኮፍያውን ወይም ሄልሜቱን መታ ያደርጋል፣ ወዲያው ስክሪን ላይ ይወጣል። ልክ ከሆነ ይግባኙ አይቀነስበትም። ዞኑ የሚለካው ከመቺው ቁመት ነው፤ ላይኛው ጠርዝ 53.5 በመቶ፣ ታችኛው 27 በመቶ። ለዉድ ሲሰላ ከመሬት 54 ሳንቲሜትር ገደማ እስከ 1.07 ሜትር ማለት ነው። ከጉልበቱ በታች እየተጠራበት ሲናደድ የነበረው ኳስ አሁን የሚከራከርበት ሆነለት።

ለእኛ ዋናው ጥቅም ግን ካቸሩ ላይ ነው። ኬይበርት ሩይዝ በ2023 የፈረመው የ8 ዓመት 50 ሚሊዮን ውል አለው፤ ጠርዝ ላይ የሚመጣ ኳስ ግን ጓንቱ ውስጥ ሲገባ እጁ ወደ ውጪ ይንሸራተታል፤ ዳኛው «ቦል» (ከዞኑ ውጪ) ይላል። በ2025 ደግሞ በኮንከሽን ሲዝኑን አልጨረሰም። ይግባኙ ጥቂቱን ያርመዋል፤ ሁለት ብቻ ስለሆነ ግን በጨዋታ የሚጠፉትን ሁሉ አይመልስም። ሌላ ካቸር ያስፈልጋል።

ሎተሪ_ቆጣሪ

ፒቸሩ ጎርስ? መሸጥ ነው መያዝ?

ቡልፐን_ክፍት_ነው

መያዝ። ስታርተር ሳይኖር ልጅ አይሠለጥንም። እስከ ኦል ስታር ኢአርኤው 3.02 ነበረ፤ መጨረሻው 5–15 ሆነ እንጂ።

ግራ_ሜዳ

መሸጥ። ያለው ሁለት ዓመት ነው፤ ከ2027 በኋላ ይሄዳል። በ2027 እንኳ ፊላዴልፊያን፣ ሜትስንና አትላንታን አልፈን ዲቪዥኑን እንወስዳለን የሚል ካለ እጁን ያውጣ። የሰዓቱ ጉዳይ ነው፦ ሁለት ዓመት የቀረው ግራኝ፣ 185 ስትራይክ አውት ያለው፣ በዚህ ክረምት ዋጋው ጣሪያ ላይ ነው። ሲዝኑ ተጀምሮ ትከሻው አንዴ «ቀጨጭ» ካለ ዋጋው በአንድ ቀን ግማሽ ይሆናል። ሌላው ስታርተራችን ግራይ ጁላይ 2024 ክርኑን ተሠርቶ 2025ን ሙሉ እንዳጣ አይታችኋል። ግን የምጠይቀው ለሜዳ የደረሰ አንጋፋ አይደለም፤ ከ18 እስከ 21 ዓመት ያሉ ሁለት ሦስት መቺዎች። ከዊሊትስ ጋር አብረው የሚደርሱ።

እትዬ_ሰባተኛ_ኢኒንግ

ኤብራምስንስ? ከ2028 በኋላ ነው የሚሄደው። 19 ሆም ራን፣ 31 ስርቆት ያለው ልጅ ሾርትስቶፕ ላይ እየተሳሳተ ዋጋው ሲወርድ ከምናይ ሁለተኛ ቤዝ ቢወስዱት ይሻላል። ውርወራው አጭር ይሆንለታል። ዊሊትስም ቦታው ይከፈትለታል።

ካቸር_ጉልበት

እትዬ እውነታቸውን ነው። ግን ፌብሩዋሪ ላይ መጀመር አለበት፤ ድርብ አውት ላይ እግሩን ቤዙ ላይ አዙሮ ጀርባው ለሯጩ ሆኖ መወርወር በሜይ የሚማሩት ነገር አይደለም። ዌስት ፓልም ቢች ላይ በስንተኛው ሳምንት የት እንደሚያቆሙት ብናይ የቶቦኒን ሐሳብ እናውቃለን። ካምፑን የምንጋራው ደግሞ ከአስትሮስ ጋር ነው፤ አጥሩን ተሻግራችሁ ስለ ኬንድሪክ ኳስ አታንሱባቸው፣ አሁንም ያማቸዋል።

ኩዊንስ_ብርቱካናማ

የቱ ኳስ?

ቡልፐን_ክፍት_ነው

የ2019 ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ሰባተኛ ኢኒንግ፣ 2–1 እየተመራን። የአስትሮሱ ፒቸር ግሪንኪ 80 ኳስ ብቻ ወርውሮ ለሬንዶን ሆም ራን፣ ለሶቶ ወክ ሲሰጥ አስወጡትና ዊል ሃሪስን አስገቡት። ሃሪስ ከታች በውጪው ጠርዝ ጥሩ ካተር ወረወረ፤ ኬንድሪክ ዘግይቶ ወደ ቀኝ ገፋው፣ የፋውል ምሰሶው መረብ ላይ ጠቅ። 3–2። ጥሩ ኳስ ነበር፤ ሃሪስን ማንም መውቀስ የለበትም። የሚወቀሰው ግሪንኪን ያስወጣው ነው፤ ኮከባቸው ጌሪት ኮል እኮ ቡልፐን ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር።